ቅንጬ አረም ከማበቡ በፊት

ነገሩ የገባኝ ወተቴ የተመለሰልኝ ቀን ነው። ቆቦ ከተማ ውስጥ ሻይ ቤት ያላት ደንበኛዬ ጀሪካኑን አንጠልጥላ በጠዋት መጣች። «ቲቸር፣ አትቀየሚኝ፤ ዛሬም መሯል» አለችኝ። ዛሬም ነው ያለችው። የትናንቱን ለእኔ ስትል ዝም ብላ ደፍታዋለች ማለት ነው። አንድ ሲኒ ቀድቼ ቀመስኩት። መጀመሪያ ምንም አይልም። ከዋጡት በኋላ ግን ምላስ ሥር እንደ ግራዋ የሚቀር ምሬት አለው። ሳፈላው ደግሞ ባሰበት።

ላሞቹ ምን በልተው እንደሆነ ለማየት ሜዳው ላይ ወረድኩ። ሳሩ አልቋል። የቀረው ያ ነጭ አበባ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ እያለፍኩ «ደስ ሲል» ስለው የነበረው አበባ ጫፍ ጫፉ ተቀጥፏል። ላሞች ወደው አይበሉትም። ሌላ ሲያጡ ግን ይበሉታል።

22 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። አሁን ማስተማሩን ትቼ አራት ላሞችና ሁለት ጥማድ የምትሆን የግጦሽ መሬት ይዣለሁ። ያን አበባ በስሙ አለማወቄ እስካሁን ይቆጨኛል፤ አውቄው ቢሆን በአንድ ቀን ነቅዬ እገላገለው ነበር። ካወቅሁት ወዲህ ስድስት ክረምት ነቅያለሁ። ዛሬ ሜዳዬ ላይ የሚበቅለው በጣት የሚቆጠር ነው። ከብት ያላችሁ፣ ማሳ ያላችሁ፣ ጓሮ ያላችሁም ብትሆኑ የሠራሁትን እንደሠራሁት እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ እወቁት

ሳይንሳዊ ስሙ ፓርቴኒየም ሂስቴሮፎረስ ነው። እኛ ጋ ቅንጬ አረም ይባላል። አብቦ ስታዩት ስሙ ይገባችኋል፤ ከላይ ቅንጬ የተበተነበት ይመስላል። ሐረርጌ ፈረምሲሳ ይሉታል፤ መሬትህን አስፈርሞ የሚረከብህ እንደማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ስም አላገኝለትም።

አገሩ ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው። ሕንድ ውስጥ ፑኔ ከተማ ላይ እንደ ፈረንጆቹ በ1950ዎቹ አጋማሽ ታየ። በእነዚያው ዓመታት አውስትራሊያም ገባ። ኩዊንስላንድ ውስጥ አንዱ መግቢያው ከቴክሳስ የመጣ የሳር ዘር ነበር። ለከብት መኖ ብለው በገዙት ዘር ውስጥ ተደባልቆ መጣና ሰፊውን የግጦሽ አገር ወረሰው። ወደ እኛ አገር እንዴት እንደመጣ ሲነገር ሁለት ነገር ይነሳል። አንዱ የእርዳታ እህል ነው፤ ወሎ ውስጥ በ1970ዎቹ እህል ይከፋፈል በነበረባቸው ቦታዎች አካባቢ ታይቷል። ሌላው በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በምሥራቅ በኩል የተመላለሰው የጦር ተሽከርካሪ ነው። ሁለቱም መንገዶች አንድ ነገር ይነግሩናል። አረሙ በራሱ አልመጣም፤ ሰው ነው ያመጣው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

በሁለት ዕድሜው ልታውቁት ይገባል። ልጅ ሳለ መሬት ላይ ተለጥፎ፣ ቅጠሎቹን ክብ አድርጎ ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፤ የተቆራረጠ ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፤ በጣት ሲነኩት ስስ ጸጉር አለው። በዚህ ዕድሜው ብዙ ሰው ያልፈዋል። እኔም አልፌዋለሁ። ልታገኙት የሚገባው ግን በዚህ ዕድሜው ነው።

ሲያድግ መሃሉ ላይ ግንድ ያወጣል። ግንዱን በጣታችሁ ከላይ ወደ ታች ዳስሱት፤ በቁመቱ የወረዱ ሸንተረሮች አሉት። ከዚያ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ወገብ ድረስ ይደርሳል፤ ውሃ ያገኘው ከሰው ቁመት ያልፋል። አበባው ትንሽ ነው፤ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የምስር ፍሬ የምታህል። ነጭ ሆና ወደ ቅቤ ቀለም ታደላለች። ቀርባችሁ ካያችሁ አምስት ማዕዘን አላት።

የአደይ አበባ ዘመድ ነው። የኑግም፣ የሱፍም፣ የግራዋም ዘመድ ነው፤ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው። አደይ ግን የራሳችን ናት። በመስከረም ታብባለች፣ ትሄዳለች፣ ሳሩን አትነካም። ይሄኛው ዝናብ ባገኘ ቁጥር ይበቅላል፤ በበልግም በክረምትም፣ በመስኖ ዳር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ሲያምር ያያችሁትን ነጭ አበባ ጎንበስ ብላችሁ ሳታዩ አትለፉ።

አንድ አበባ በሳህን ላይ

ለራሳችሁ አንዲት ሥራ ስጡ። የደረቀች አንዲት አበባ ቅጠፉ፤ አንዲት ብቻ። በጓንት ይሁን። ነጭ ሳህን ላይ በሁለት ጣት ፈትጓት። ገለባው ሲለይ አምስት የሚሆኑ ጥቃቅን ዘሮች ታገኛላችሁ፤ አንዳንዴ አራት። ጥቁር ናቸው፤ ርዝመታቸው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አጉሊ መነጽር ካላችሁ ጎንና ጎናቸውን እዩ። እንደ ገለባ ያሉ ሁለት ቀላል ነገሮች ተያይዘውበታል። ውሃ ላይ ስትጥሉት የሚያንሳፍፉት እነሱ ናቸው።

ከጎረቤቴ ጋር የታረቅሁት በዚህ ሳህን ነው። እድሜያቸው የገፋ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። መሬታቸው ከእኔ በላይ በኩል ነው። የእኔን ሜዳ በነቀልኩ ቁጥር ከእሳቸው በኩል በጎርፍ ይመጣብኝ ነበር። ሄጄ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ የሰው መሬት ላይ ያለ አበባ አንቺን ምን አገባሽ?» አሉኝ። ተቀይሜ ተመለስኩ። በሳምንቱ ሳህኑን ይዤ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን አንዷን አበባ ፈተግኩላቸው። ዘሮቹን በጣታቸው ጫፍ እየለዩ ቆጠሩ። ከዚያ ማሳቸው ዳር ያለውን አንድ ተክል አየት አደረጉ። «እዚያኛው ላይ ስንት አበባ አለ?» አሉኝ። አልቆጠርነውም፤ ግን በደንብ የበቀለ አንድ ተክል ከ15,000 እስከ 25,000 ዘር ሊያፈራ እንደሚችል ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። በማግስቱ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ።

ሁለት ቁጥር ጨምራችሁ ያዙ፤ የሥራችሁ የቀን መቁጠሪያ እነሱ ናቸው። እርጥበትና ሙቀት ካገኘ፣ ከበቀለ በ4 ሳምንት ማበብ ይጀምራል። አፈር ውስጥ የተቀበረ ዘሩ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ማለትም በወር አንዴ ሄዶ መንቀል አይበቃም። አንድ ዓመት ነቅሎ መተውም አይበቃም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ይህን ሳያውቅ ስለሚጀምር ነው። ሁለተኛው ክረምት ላይ እንደገና ፈክቶ ሲያየው «ይሄ አይጠፋም» ብሎ ይተወዋል። ያ የበቀለው ግን የድሮው ዘር ነው። አዲስ ዘር ካላስጣላችሁት በየዓመቱ እየሳሳ ይሄዳል። የእኔ ሜዳ ላይ ለውጡ ዓይን የገባው በሦስተኛው ክረምት ነው።

በምን ይዛመታል?

ንፋስ ትንሽ ይወስደዋል። ጎርፍና ወንዝ ግን ሩቅ ያደርሱታል፤ እኛ ጋ የሆርማትንና የጎሊናን ዳር ተከትላችሁ ብትሄዱ ታዩታላችሁ። ከሁሉ የሚበልጠው የእኛው እጅ፣ የእኛው እግር፣ የእኛው ጎማ ነው።

አንድ ሐምሌ ላይ ዝናብ ካባራ በኋላ ቤት የመጣ ባጃጅ ጎማ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በማንኪያ ፈቀፈቅኩ። የራሴን ቦት ጫማ ጭቃም ለብቻው ፈቀፈቅኩ። ሁለት የቲማቲም ጣሳ ውስጥ አድርጌ ውሃ እያጠጣሁ መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው። በሁለቱም በቀለ። ከባጃጁ ጣሳ ውስጥ ሳርና ሌላ አረምም አብሮ ወጣ። የእኔ ጫማ ጣሳ ውስጥ ግን ካሮት መሳዩ ቅጠል ብቻ ነበር፤ አምስት እግር። ሜዳዬን ነቅዬ፣ በዚያው ጫማ ወደ ጓሮዬ ስገባ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሜዳው የሚሆን ጫማ በረቱ በር ላይ ተለይቶ ተቀምጧል።

እኔ ጋ የገባው በጭድ ነው። ዝናብ ያጠረበት ዓመት ነበር። ከሩቅ የመጣ አንድ መኪና ጭድ ገዛሁ። የት እንደታጨደ አልጠየቅሁም። መኪናው ሜዳው ጥግ ላይ አራገፈ፤ ከብቶቹም እዚያው በሉ። በቀጣዩ ዝናብ መጀመሪያ የበቀለው ልክ ጭዱ በተራገፈበት ቦታ ላይ ነው፤ ክብ ሆኖ።

እና አሁን ጭድ ስገዛ ይህን አደርጋለሁ። አንዱን እቅፍ አውጥቼ ነጭ ማዳበሪያ ላይ አራግፋለሁ። የወደቀውን አያለሁ። የደረቀ ቅርንጫፉ ላይ ትንንሽ ቡናማ አበቦች ካሉበት አልገዛም፣ ርካሽ ቢሆንም። ንጹሕ መስሎኝ የገዛሁትንም ሜዳው ላይ በትኜ አላበላም። አንድ የተለየ ጥግ አለኝ፤ በረቱ አጠገብ፣ በየቀኑ የማየው ቦታ። ዘር ካለበት እዚያ ይበቅላል፤ እዚያው እነቅለዋለሁ። ከገበያ የገዛኋትን ላምም እንዲሁ ወደ ሜዳ በቀጥታ አላሰማራም። ጥቂት ቀን ግቢ ውስጥ አስሬ አበላታለሁ፤ ሰኮናዋንና ጸጉሯን አጥባታለሁ።

የአሸዋና የአፈር መኪናም ያመጣዋል። ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የአሸዋ ክምሩን ዙሪያ ከዝናብ በኋላ ይይ። ትራክተርና ኮምባይነር ከሰው ማሳ ወደ እናንተ ማሳ ከመግባቱ በፊት ጭቃውና ገለባው ይራገፍ፤ ባለቤቱ ቢያኮርፍም ይራገፍ። ኩዊንስላንድ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ በየመንገዱ የመኪና ማጠቢያ ጣቢያ ተሠርቷል። እኛ ጣቢያ ባይኖረንም ባልዲና መጥረጊያ አለን። የበሬ ቀንበርና ማረሻም ቢሆን ያው ነው። የጤፍ ዘር ስትዘሩ በወንፊት አሳልፉት፤ ጤፍ ሲያልፍ የአረሙ ዘር ከነገለባው አብዛኛው ላይ ይቀራል። የሳር ዘር የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የአውስትራሊያውን አስታውሱ፤ ዘሩን ሳህን ላይ ሳታፈሱ አትግዙ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳየው ስለሚያመኝ ነው። ለበዓል ቄጠማ ሲታጨድ ዳር ዳሩ ላይ ያለው አረም አብሮ ይታጨዳል። ሳሎን ላይ ይጎዘጎዛል። በማግስቱ ተጠርጎ ደጅ ይደፋል። እንግዳ ሲወጣ ደግሞ በጫማው ይዞት ይሄዳል። ቄጠማችሁን ከመጎዝጎዛችሁ በፊት አንዴ አገላብጡት።

ሰውነታችሁን ሸፍኑ

ይህን አትዝለሉት። የመጀመሪያውን ክረምት ባዶ እጄን ነቀልኩ። ምንም አልሆንኩም። ስለዚህ የሚነገረውን ማስጠንቀቂያ ናቅሁት። ሁለተኛው ክረምት ላይ ሦስተኛው ቀን ከክንዴ መታጠፊያ ጀምሮ ቀላ። ማሳከክ ጀመረ። ከዚያ አንገቴ፣ ከዚያ የዓይኔ ቆብ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። የዚህ አረም አለርጂ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ሰውነት እየተደጋገመ ሲነካው ይቆጣል። አንዴ ከተቆጣ ደግሞ በትንሹም ይነሳል። ብናኙ አስም ያለበትን ሰው ያፍናል፤ የሌለበትንም ያስነጥሳል፣ አፍንጫውን ያፈሰዋል።

ስለዚህ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ክንድን የሚሸፍን ጓንት፣ አፍና አፍንጫ ላይ ማስክ ወይም በደንብ የታሰረ ሻሽ። ጓንት ከሌለ ፌስታል እጅ ላይ አስራችሁ ሥሩ፤ ከባዶ እጅ ይሻላል። ስትጨርሱ ፊታችሁን ሳትነኩ በሳሙና ታጠቡ። ልብሱን ከሕፃናት ልብስ ጋር አትጠቡት። ልጆችን ለነቀላ አትላኩ። አስም ያለበት ሰው አብቦ ሳለ ጭራሽ አይቅረበው። ቆዳችሁ ከተቆጣ ሥራውን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ነቀላው

ቀኑን ዝናቡ ይወስናል። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከጣለ ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጡ። ያኔ በቅሏል፣ ይታያል፣ ገና አላበበም፣ አፈሩም ለስልሷል። ይህን ጊዜ የያዘ ሰው ሥራው ግማሽ ነው። እኛ ጋ በበልግ ከየካቲት ጀምሮ፣ በክረምት ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ ነው። እናንተ ጋ ዝናቡ መቼ እንደሚጥል እናንተ ታውቃላችሁ።

ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። ቅጠሉን ይዛችሁ ብትጎትቱ ይበጠስና ሥሩ ይቀራል። ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበትን አንገቱን ያዙ፤ ትንሽ ወዝወዝ አድርጋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። አፈሩ ከጠነከረ በመኮትኮቻ ከሥሩ አንሱት። ማጭድ አትጠቀሙ። የታጨደ ቅንጬ አረም ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ያውም አጭር ሆኖ፣ መሬት ላይ ተለጥፎ ያብባል። ያኔ ለዓይንም አይታይ፣ ለእጅም አይመች። እኔ በሁለተኛው ዓመት ቀን ሠራተኛ ይዤ ሜዳውን አሳጨድኩ። ገንዘቤን ከፈልኩ። በወሩ ሜዳው ነጭ ሆነ።

ሳያብብ የተነቀለው ችግር የለውም። ሥሩን ወደ ላይ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ ተዉት፤ ወይም ኮምፖስት ውስጥ ጨምሩት፤ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ያበበው ግን ሌላ ነገር ነው። ከመንቀላችሁ በፊት ጆንያ አጠገቡ አምጡ። አበባ ያለበትን ጫፍ ቀስ ብላችሁ ጎንበስ አድርጋችሁ ጆንያው ውስጥ ቁረጡት። ከዚያ ግንዱን ንቀሉ። እየጎተታችሁ አትውሰዱት፤ በሄደበት ሁሉ ይዘራል። ጆንያው ቀዳዳ እንዳይኖረው እዩ፤ የእኔ አንዱ ቀዳዳ ነበረው፤ ከሜዳው እስከ ጉድጓዱ ድረስ መስመር ሠርቶ በቀለ። ጉድጓድ ቆፍራችሁ አድርቃችሁ አቃጥሉት፤ ንፋሱ ወደ ቤት በማይነፍስበት ሰዓት፤ ጭሱ ውስጥ አትቁሙ። ወንዝ ውስጥ፣ ቦይ ውስጥ፣ መንገድ ዳር አትጣሉት። እዚያ የጣላችሁት የታች ጎረቤታችሁ ቤት ነው የሚደርሰው።

ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ተመለሱ። ያልኳችሁን 4 ሳምንት አስታውሱ። በሁለት ሳምንት ከተመለሳችሁ የሚያመልጣችሁ የለም፤ አንዱን ዙር ብትዘሉ እንኳን በሚቀጥለው ትደርሱበታላችሁ። እኔ የበረት በር፣ የውሃ ገንዳ ዙሪያ፣ የአጥር ሥር፣ የከብት መንገድ፣ እነዚህን በየሳምንቱ አያለሁ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚበቅለው እዚያ ነው፤ ከብት የረገጠውና የተራቆተ መሬት ነው የሚወደው።

ሰፊ ማሳ ላላችሁ፣ መድኃኒት መርጨት ይቻላል። ቱፎርዲ (2,4-ዲ) የሚሉት ቅጠለ ሰፊውን መርጦ ይገድላል፤ ጤፍና ማሽላ ላይ በልኩና በጊዜው ከሆነ ሰብሉን ሳይጎዳ ያልፋል። ሽምብራና ባቄላ አጠገብ ግን ሰብሉን ይዞት ይሄዳል። ካበበ በኋላ መርጨት ደግሞ ገንዘብ መበተን ነው። የቀበሌያችሁን ልማት ሠራተኛ ሳታማክሩ አትጀምሩ። እኔ ወተት ስለምሸጥ አልረጭም።

ከሜክሲኮ የመጣ ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛም አለ። ሕንድ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቷል። አገራችን ውስጥም ኑግንና ሌሎች ሰብሎቻችንን እንደማይነካ ከተፈተነ በኋላ ተለቋል፤ ወለንጪቲ አካባቢ ተራብቷል። ማሳችሁ ላይ ቅጠሉን ሸንሽኖ የበላ፣ ክንፉ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ትንሽ ጥንዚዛ ካያችሁ አትግደሉት።

ባዶ መሬት አትተዉለት

ይህን ክፍል ብዙ ሰው አይሠራውም። ለእኔ ግን ከነቀላው እኩል ነው። ተክሉ ከቅጠሉም ከሥሩም የሌላውን ዘር እድገት የሚያዳክም ነገር ያወጣል። አጠገቡ ሳር የሚሳሳው ለዚህ ነው። ሰብል ላይም እንዲሁ ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ማሽላ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ወቅቱን ሙሉ ካልታረመ ምርቱ ከ40 እስከ 97 በመቶ ቀንሷል። ማሽላ የሚያመርት የቆቦ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ወገቡን ይይዛል።

ግን ድክመት አለው። ጥቅጥቅ ያለ ሳር መሃል አይችልም። ብርሃን ይፈልጋል፤ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። የነቀላችሁበትን ቦታ ባዶ ከተዋችሁት ጋብዛችሁ ጠራችሁት ማለት ነው። እኔ በነቀልኩበት ቦታ ሁሉ በዚያው ሳምንት ሳር አስገባሁ። የአጥሩን ሥር ደሾ ተከልኩበት፤ እየገነጠሉ መትከል ስለሚቻል በአንድ ክረምት ተያያዘ። መሃሉ ላይ ሮደስ ዘራሁ። ሜዳውን በአጥር ለሦስት ከፈልኩት፤ ከብቶቹ አንዱን ሲበሉ ሁለቱ ያርፋሉ። ሳሩ መሬት እስኪላጥ አላስግጥም። መጀመሪያ ላይ ለላሞቹ መኖ አነሰኝ። አንዷን ጊደር ሸጥኩ። ከበደኝ። ሦስቱ ክፍል ሲያገግም ግን የቀሩት ከድሮው የበለጠ ይበላሉ።

ወተት የምትሸጡ ደግሞ ይህን አድርጉ። ከብቶቹ ወደ ሜዳ ከመውጣታቸው በፊት ጠዋት ትንሽ ድርቆሽ አቅምሷቸው። የራበው ከብት ነው ያገኘውን የሚበላው። አረሙ ያለበት ቦታ ላይ ከዋሉ የዚያን ቀን ወተት ለብቻ ቀምሳችሁ እንጂ ከሌላው ጋር አትቀላቅሉት።

የመንገድ ዳሩን ማን ይነቅላል?

ብቻችሁን የምትችሉት እስከ አጥራችሁ ድረስ ነው። ከአጥሩ ውጭ መንገድ አለ፣ ቦይ አለ፣ የማንም ያልሆነ ሜዳ አለ። ዘሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከጎረቤቴ ጋር ከታረቅን በኋላ ለሁለታችን የሚደርሰውን መንገድ ተካፈልን። በዓመቱ ሌሎች አራት ቤቶች ገቡበት። አሁን በየክረምቱ ሦስት ቀን ደቦ እንወጣለን። ሽሮና እንጀራ በተራ ነው፤ ቡናው እኔ ጋ ነው። ከላይ እንጀምራለን፤ ጎርፉ ከሚመጣበት። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መንቀል ድካም ነው፤ የላዩ ዘር በዝናብ ተመልሶ ይወርዳል። የጀመርን ጊዜ ይህን ሳናውቅ አንድ ክረምት ሙሉ ለፍተናል።

ደቦ ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ቀን ተዘዋውራችሁ ያለበትን ቦታ ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ጥቂት ያለበትን ቅድሚያ ስጡት። ሰው ሁሉ ነጭ ወደሆነው ሜዳ መሮጥ ይወዳል። ግን አሥር እግር ያለበትን ቦታ በአንድ ሰዓት ትጨርሱታላችሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት አሥር ሺህ ከመሆኑ በፊት።

ትናንት ማታ ዘንቧል። ጠዋት የበረቱን በር ስከፍት ከገንዳው ሥር ሦስት እግር አየሁ፤ ቅጠላቸው ገና የልጅ መዳፍ አያህልም። ነቀልኳቸው። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ቆሞ ሲያየኝ ነበር። «እትዬ፣ እዚያም አለ» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። አራተኛው ጭዱ የሚራገፍበት ጥግ ላይ ነበር። ወረቀቴ ላይ ጻፍኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ መጀመሪያ የማየው እሱን ጥግ ነው።